ጠረጴዛው ወደ ማን ቤት ነው የሚሄደው?

ጥበቃው ዘንቢሌን ሲቀበሉኝ ነው የፈራሁት።

ጋሽ ደበበ የግቢያችን ጥበቃ ናቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን ዕቃ አግዘውኝ አያውቁም፤ እንዲያውም ሽንኩርት ተሸክሜ ባዩኝ ቁጥር «ልጣጩን ደረጃ ላይ እንዳታንጠባጥቢ» ነው የሚሉኝ። ያን ዕለት ከተክለ ሃይማኖት በኩል ለጉልቴ የሚሆን ሽንኩርትና ቲማቲም ይዤ ስመጣ፣ ገና በሩ ጋ ሳልደርስ ከወንበራቸው ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «አምጪ ልያዝልሽ፣ የማሂ እናት» አሉና ዘንቢሉን ከእጄ ወሰዱት።

ቀና ብዬ ወደ ግቢው አየሁ። ልጄ ማህሌት ከትምህርት ቤት መልስ የማትጠፋበት የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ግማሹ የለም። ሁለት የዕድር ጠረጴዛ ገጥመው ነው የሚጫወቱት። አንደኛው ቆሟል፣ አንደኛው የለም፤ መረቡ በአንድ ወገን ተንጠልጥሎ መሬት ነክቷል። ሌላ ቀን በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ላይ ጆሮ የሚበጥስ ጫጫታ ነበር የሚሰማው፤ «ነክቷል»፣ «አልነካም»፣ «ወላሂ ነክቷል»። አሁን ጭጭ ብሏል። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሲያዩኝ ዓይናቸውን ሰበሩ።

እሱም ሳያንስ እመቤት መጣች። እመቤት ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር ውሃው እሷ በረንዳ ላይ ይንጠባጠባል፤ በዚህ የተነሳ ሰላምታ ካቆምን ሰንብተናል፤ ከተነጋገርንም ለጠብ ነው። ያቺ እመቤት እጇን ዘርግታ መጥታ አቀፈችኝ።

«አይዞሽ አስቱ። ምንም አይደለም። ማሂ ትንሽ ወድቃ ነው። ሐኪም ቤት ወስደዋታል፤ ስልክሽ ዝግ ሆኖብን ነው። ነይ አብረን እንሂድ።»

አስቱ አለችኝ። ሌላ ጊዜ «አንቺ» ከማለት በቀር ስሜን ጠርታኝ አታውቅም።

አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ ጋ «ትንሽ ወድቃ ነው»፣ «ትንሽ አሟቸው ነው» ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ስንቱ ነው «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ድረስ» ተብሎ ሲሳፈር ውሎ ድንኳን በር ላይ የወረደው። ክፉ ሰዎች ሆነን አይደለም፤ ከደግነታችን ነው። ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አንናገርም። እናዘናጋለን፣ እናበላለን፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ እንጠብቃለን። ሰው ሲደነግጥ ብቻውን እንዳይሆን ነው።

እኔ ደግሞ ይህን የተማርኩት በሌላ ቦታ አይደለም፤ በፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አብነት ነበር፤ ከዚህ በእግር የሚደረስ ነው። አባቴ አናጢ ነበር። ቤታችን ሁልጊዜ የኮላና የሰጋቱራ ሽታ ነበረው፤ ሰጋቱራው ፀጉራችን ውስጥ፣ ብርድ ልብሳችን ውስጥ፣ አንዳንዴም ሽሮው ውስጥ ይገኝ ነበር። የሰፈራችን ዕድር ለለቅሶ የሚሆን ጠረጴዛ ባስፈለገው ጊዜ የሠራው እሱ ነው። ሁለት ረዣዥም፣ ሰፋፊ፣ እግራቸው የሚታጠፍ፣ ላያቸው ኮምፔርሳቶ የሆነ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ። የዕድሩ ዕቃ ቤት ጠባብ ስለነበረ ጠረጴዛዎቹ ውጭ በጣሪያው ሥር ነበር የሚያድሩት። ሰው ካልሞተ ሥራ የላቸውም።

አንድ ቀን አባቴ ሁለቱን ገጠማቸው። መሃላቸው ላይ ግራና ቀኝ ጡብ አቆመና ቀጭን ጣውላ አጋደመበት። ከተረፈው ኮምፔርሳቶ ራኬት ቆረጠ፤ ፊቱን ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በኮላ ለጠፈበት። የዕድሩ ሰዎች ቅር ሊላቸው ሲጀምር «ለሙት ነው የተሠራው፣ አውቃለሁ። ሙት እስኪጠይቀው ግን ሕያው ይጫወትበት» አላቸው። በሳምንቱ እነሱም ተሰልፈው ነበር።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። ኳስ ሜዳው የወንዶች ነበር፣ ገመድ ዝላይ የሴቶች፣ ብይ የትንንሾቹ። ፒንግ ፖንግ ግን የማንም አልነበረም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ የሁሉም የሆነው። ቁመት አይጠይቅ፣ ጫማ አይጠይቅ፣ ጉልበት አይጠይቅ። ከቅዳሴ የመጣው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከጁምዓ የመጣው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ተራ ይጠብቃል። ጠላ የሚሸጡት እትዬ ትብለጥ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ይመጡና ኳሷን እንደ ምስማር ይመቷታል። «እንዴት ነው እንዲህ የሚመቱት?» ሲባሉ «ባሌን እያሰብኩ ነው» ይሉ ነበር። ባልየው እዚያው ቆመው ይስቃሉ።

ሁሉንም የሚያሸንፉት ግን ጋሽ ከማል ነበሩ፣ ጫማ ሰፊው። አንድ እግራቸው በልጅነት ፖሊዮ የሰለለ ነው። ክራንቻቸውን ብብታቸው ሥር ወትፈው፣ ካሉበት ሳይነቃነቁ፣ በአንድ እጃቸው ብቻ ሰፈሩን እያሯሯጡ ያደክሙታል። «እናንተ ሩጡ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ይላሉ። ለልጅ የሚባል ርኅራኄ የላቸውም። ያኔ ጨዋታው እስከ ሃያ አንድ ነበርና አሥራ ዘጠኝ ለሦስት ሲመሩኝ «ጋሽ ከማል፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ይስጡኝ» ብዬ እለምናቸዋለሁ። «ነጥብ አይለመንም። ልመና ካማረሽ ተክለ ሃይማኖት በር ላይ ሄደሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። እያለቀስኩ እሄድና በማግስቱ እመለሳለሁ።

ኳስ እንደ ዛሬው በየሱቁ አልነበረም። የጎደጎደች ኳስ ፍል ውሃ ውስጥ ስትነከር ተመልሳ ትነፋለች፤ በሻይ ማንቆርቆሪያው የተነሳ ስንት ቁጣ ወርዶብናል። የተሰነጠቀችውን ደግሞ እናቃጥላታለን። የጭሷ ሽታ፣ እንደ ካምፎር ያለ፣ ዛሬም ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ አንዳንዴ ድንገት ይሸተኛል።

የዕድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ጨዋታ ያልቃል። የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ጋሽ ወልዴ ሁለት ሰው አስከትለው ይመጣሉ። «ዞር በሉ፣ ሰው ሞቷል» ነው፣ ሌላ ቃል የላቸውም። ሃያ ለሃያ ብትሆኑም ግድ የላቸውም፤ ጠረጴዛውን ከሥራችሁ ብድግ ያደርጉታል፣ ኳሷ አቧራው ላይ ትንከባለላለች። እኛ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ጠረጴዛውን ተከትለን እንሮጣለን። «ወደ ማን ቤት ነው?» ማለት ራሱን የቻለ ጨዋታ ነበር። ወደ ቦኖው ከታጠፈ የእነ እገሌ አያት ናቸው፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ከወረደ የባለ ወፍጮው ሚስት ናቸው እያልን እንገምታለን። ቀድሞ ያወቀ ይኮራል። ማን እንደሞተ ከሰው አፍ ሰምተን አናውቅም። የምንሰማው ከጠረጴዛው ነበር።

እንግዲህ ጋሽ ደበበ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ፣ እመቤት አስቱ ስትለኝ፣ ጠረጴዛው ከቦታው ታጥቶ ሳይ፣ ምን ልበል? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ለለቅሶ ቢሆን ሁለቱም ጠረጴዛዎች ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ብቻ አይወሰድም። ይህን ያሰብኩት ግን ኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የማስበው ራስ አልነበረኝም።

እመቤት ኮንትራት ታክሲ አስቁማ አስገባችኝ። ጋሽ ደበበ በሩን ዘጉልኝ። «ጽናቱን ይስጥሽ» ሊሉ ነው ብዬ አፋቸውን አየሁ። «በሰላም ግቡ» አሉ። ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ ነበር፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ ተሰማኝ።

«ማርያምን በይ» አልኳት እመቤትን።

«ማርያምን። ወድቃ ነው፣ እግሯን ነው።»

አላመንኳትም። መርዶን ለመሸፈን በሐሰት የተማለ መሐላ እንደማይቆጠር እኛ ሰፈር የታወቀ ነው፤ እኔም ራሴ ምዬ አውቃለሁ።

«ወደ ኮልፌ ነው የምትወስጂኝ?» አልኳት። ኮልፌ እህቴ አለች። መርዶ የሚረዳ ሰው ዘመድ ቤት ነው የሚወሰደው። የማሂ አባት ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው፤ ሌላ የቅርብ ሰው የለኝም።

«ሆስፒታል ነው የምንሄደው አስቱ። ሆስፒታል።»

መንገዱን መጠበቅ ጀመርኩ። ወደ ሜክሲኮ ከዞረ ሆስፒታል ነው፣ ልጄ አለች፤ ወደ አብነት ከዞረ ኮልፌ ነው፣ የለችም። እንዲህ ብዬ ከራሴ ጋር ውል ገባሁ። እስከዚያው እመቤትን ልፈትናት አልኩ። ሰው አንዴ ከፈራ ተንኮለኛ ይሆናል።

«ስለዚያ ስለ ልብሱ ውሃ» አልኳት፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ኧረ ተይው» አለችኝ። «የልብስ ውሃ ምን አለበት። ጎረቤት አይደለን?»

እመቤት ያንን በረንዳ በነፃ አትለቅም። እዚያች ፎቅ ላይ ሰው ካልሞተ በቀር እመቤት «ተይው» አትልም።

ታክሲው አደባባዩ ጋ ደረሰ። ወደ አብነት ዞረ።

ከመስኮቱ ውጭ ያደግኩበት መንገድ ነው የሚያልፈው። እኛ የነበርንበት መደዳ ፈርሷል፤ ቆርቆሮ አጥር ነው ያለው፣ ከጀርባው ምን እንዳለ አይታይም። ከአጥሩ ማዶ ያለው የብየዳ ቤት ብቻ እንዳለ ነው። የብረቱ ሽታ ገባና ከዚያ ወዲያ ማየት የጀመርኩት የልጅነቴን ያን ቀን ነው። እንዳላይ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጨፍኜም አየሁት።

ያን ጊዜ አባቴ ሆስፒታል ከተኛ ሰንብቶ ነበር፣ ሳንባውን። እናቴ እዚያው ስታስታምመው ትውላለች፣ ታድራለች፤ እኔ እትዬ ትብለጥ ቤት ነበርኩ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ደብተሬን ወረወርኩና ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ከልጆቹ ጋር ጥቂት እንደተጫወትን ጋሽ ወልዴ ሁለቱን ሰዎች አስከትለው መጡ። «ዞር በሉ» ሊሉ ነው ብዬ ራኬቴን ወደ ብብቴ አደረግኩ።

አላሉም። አዩኝ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሦስቱም ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ተጫወቺ ልጄ፣ አንቸኩልም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ሌሎቹን ልጆች እናቶቻቸው በየበራቸው ሆነው እየጠሩ ወሰዷቸው። ብቻዬን ስቀር ጋሽ ወልዴ ራሳቸው ተነሥተው ራኬት ያዙ። በእነዚያ ትልልቅ እጆቻቸው። ኳሷ በአጠገባቸው ስታልፍ ቆመው ያዩዋታል። «አቤት፣ አንቺ ልጅ የማን ጎበዝ ነሽ» ይላሉ። አሸነፍኳቸው። አብረዋቸው የመጡትንም አንድ በአንድ አሸነፍኳቸው። እትዬ ትብለጥ ብስኩት ይዘውልኝ መጡ፤ እንደ ምስማር የሚመቱት ሴት ያን ቀን ኳሷን እንደ እንቁላል ነበር የሚነኳት። እሳቸውንም አሸነፍኩ። ዙሪያዬን የቆመው ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ፀሐዩ ነው ብዬ አሰብኩ።

ጋሽ ከማል ብቻ አልተጫወቱም። ግድግዳው ጥግ ቆመዋል። «ይምጡ ጋሽ ከማል፣ ዛሬ ነጥብ አልለምንም» አልኳቸው። «ዛሬ እጄ እንቢ ብሎኛል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፈሩኝ ብዬ ዘለልኩ። አባቴ ሲመጣ ይህን ሁሉ እስክነግረው ቸኮልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከልጅነቴ ቀኖች እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሊመሽ ሲል እትዬ ትብለጥ እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። እንጀራ ሊያቀርቡልኝ ጓዳ ሲገቡ የጠረጴዛውን እግር ሲያጥፉ ሰማሁ፤ ያንን ድምፅ አላጣውም። ሾልኬ ወጣሁ። ሌሎቹ ልጆች የሉም፤ ብቻዬን ነኝ የምከተለው። «ወደ ማን ቤት ነው ጋሽ ወልዴ?» ብዬ ጮህኩ። ዞር አላሉም፤ እርምጃቸውን ግን ፈጠን አደረጉ። ጠረጴዛው ቦኖውን አለፈ። ወፍጮ ቤቱን አለፈ። ከዚያ ወዲያ የቀረው የእኛ መደዳ ነው። እዚያ ጋ የታመመ ሰው የለም ብዬ እየገመትኩ ነበር፤ አባቴ ያለው ሆስፒታል ነውና አልቆጠርኩትም። የእኛ በር ጠባብ ስለሆነ ጠረጴዛውን በጎኑ አዘንብለው ነው ያስገቡት። አባቴ የመታቸው ምስማሮች ከሥሩ ታዩኝ። ግቢው ሰው ሞልቶታል። እናቴ መሃላቸው ተቀምጣለች።

ራኬቱ በእጄ ላይ ነበር።

አድጌ፣ እሳቸውም አርጅተው፣ ጋሽ ከማል ጫማዬን እየሰፉ ሳለ ያለ ምንም መነሻ እንዲህ አሉኝ፦ «ያን ቀን ልሸነፍልሽ አልቻልኩም። ላሸንፍሽም አልቻልኩም።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልዋሹኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዓይኔን ስገልጥ ታክሲው አሁንም አብነት ውስጥ ነው። የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«አውርደኝ ወንድሜ። ኮልፌ አልሄድም።»

«የምን ኮልፌ ነው፣ እናቴ?» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ። «ወደ ሜክሲኮ የሚወስደው መንገድ ተቆፍሮ ተዘግቷል። በዚህ ዞሬ ነው የምወጣው።»

«ለአንተም ነግረውሃል» አልኩት።

እመቤት ክንዴን ያዘች። ያኔ የቀረኝን ኩራት ሁሉ ጣልኩ። ወደ እሷ ዞሬ ጉልበቷን ያዝኩ። «ሞታለች በይኝ። በልጆችሽ፣ እመቤት። ከዚህ በላይ አትሸንግዪኝ። እዚሁ ንገሪኝና ልረፍ።»

«እግሯ ነው የተሰበረው» አለች እመቤት። እሷም ማልቀስ ጀምራለች። «እግሯ። ኳሷን ስታባርር ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። እግሯ እንዳይነቃነቅ ብለው በጠረጴዛው ላይ አጋድመው፣ ከነጠረጴዛው በጭነት መኪና ነው የወሰዷት። ምን ብዬ ልንገርሽ? በየትኛው ቃል ልንገርሽ?»

ከተናገረችው ሁሉ ጆሮዬ የያዘው «በጠረጴዛው ላይ አጋድመው» የሚለውን ብቻ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ማመን ነበረብኝ። ኮልፌ አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። ግን አባቴም የሞተው ሆስፒታል ነው። እየሮጥኩ ወደ ድንገተኛ ክፍሉ ገባሁ። መተላለፊያው ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ የእኛ ጠረጴዛ ቆሟል። እግሩ ታጥፏል። ባዶ ነው። ከሥሩ የማሂ ሸራ ጫማ አለ፣ አንዱ ብቻ፣ በጭቃ የተለወሰ።

እዚያው ቆምኩ። ወደ ፊት መሄድ አልቻልኩም። ልጅ ሆኜ ስንቱን ጠረጴዛ እየሮጥኩ ተከትያለሁ፤ የደረሰበት ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። አሁን ደርሷል። ከዚህ ወዲያ ያለውን መጋረጃ የሚገልጥ ሌላ ሰው ይሁን አልኩ። እመቤት ከኋላዬ ትጠራኛለች፤ ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

ከመጋረጃው በስተጀርባ አንድ ነገር ሰማሁ። ቋ። ቋ። ቋ። ትንሽ ይቆምና እንደገና፣ ቋ፣ ቋ።

ያንን ድምፅ ተኝቼም አውቀዋለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ በቃ አልኩሽ እኮ» አለች አንዲት ነርስ። «ሕመምተኛ ተኝቷል። ልቀማሽ ነው።»

መጋረጃውን ገለጥኩት። ማሂ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ግራ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጀሶ ነው፣ ገና አልደረቀም። ፊቷ ላይ እንባና ጭቃ ተጋግሯል። በራኬቷ ኳሷን ወደ ላይ እያነጠረች ነው። አየችኝና ኳሷን ያዘቻት።

«እማ» አለችኝ፣ «ዘጠኝ ለሰባት እየመራሁ ነበር እኮ።»

አቀፍኳት። ፀጉሯ ፍሳሽ ፍሳሽ ይሸታል። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ሽታ አሽትቼ አላውቅም። «ታፈንኩ እማ፣ እግሬን ነካሽው» ስትል እንኳ አልለቀቅኳትም። ትቆጣኝ። የምትቆጣ ልጅ አለችኝ።

እመቤት በመጋረጃው አጠገብ ቆማ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ ያ የማውቀው ፊቷ ተመለሰ።

«አየሻት? አሁን አመንሽ? በሰው ታክሲ ውስጥ ጉልበቴን ይዘሽ አዋረድሽኝ። እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ልብስሽን በወዲያኛው በኩል ነው የምታሰጪው። በረንዳዬ በሰበሰ።»

ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ አልቆም ብሎ ወደ ልቅሶ ሄደ። ነርሷ ወንበር አመጣችልኝ። ልጄን በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ዳስሼ ያልሞላልኝ እምነት እመቤት ስትቆጣኝ ነው የሞላው። ሰው ከሞተ እመቤት በረንዳዋን አታነሳም።

ይኸው አሁን ሁሉም ቦታው ተመልሷል። የጉድጓዱን ክዳን ነዋሪው ተባብሮ ገጠመበት። ጠረጴዛው ታጥቦ ተመለሰ፣ ሁለቱም ግማሽ ተገጥሟል። ያደግኩበት አብነት የለም፤ ጋሽ ወልዴም፣ እትዬ ትብለጥም፣ ጋሽ ከማልም የሉም፤ የእነሱም ጠረጴዛ በየቤታቸው ደርሷል። ግን እዚህ ከእኛ ብሎክ ሥር ስቆም ጨዋታው ያው ነው። ጡረታ የወጡት ሰውዬ ካፖርታቸውን ለብሰው ይጫወታሉ። የፋርማሲዋ ልጅ ሒጃቧን ወደ ኋላ ጥላ ታገባባቸዋለች። ማሂ በጋሽ ደበበ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጀሶዋን ብሎኬት ላይ ሰቅላ፣ ከወንበሯ ሳትነሣ ታሯሩጣቸዋለች። «እናንተ ሩጡ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ስትል ሰማኋት። ጋሽ ከማልን አታውቃቸውም።

አንድ ነገር ብቻ ነው የሚከነክነኝ። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ዋሸኝና ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ እውነቱን ነገረኝና ተቃጠልኩ። ዋሹኝ ብዬ ያኔ ያሉትን አልወቅሳቸውም፤ ያቺን አንዲት ከሰዓት በኋላ ሰጥተውኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ግን የሰው ደግነት ባየሁ ቁጥር ስደነግጥ ነው የኖርኩት። ልጄ እንዲህ እንዳትኖር እፈልጋለሁ። ስለዚህ ለእመቤት ነግሬያታለሁ፦ አንድ ቀን ክፉ ነገር ቢመጣብኝ፣ በእግዚአብሔር አቅፈሽ አትንገሪኝ፤ ተቆጥተሽ ንገሪኝ። «እሱ ቀላል ነው» አለችኝ።

ትናንት ከሰዓት ሽንኩርቴን አስቀምጬ ራኬት አነሣሁ። አባቴ ከሞተበት ቀን ወዲህ ነክቼ አላውቅም ነበር። እጄ አልረሳውም። «እስከ ሃያ አንድ ይሁን» አልኳት ማሂን። «የምን ሃያ አንድ ነው እማ፣ የድሮ ሰው» አለችኝ፤ «አሥራ አንድ ነው።» ዘንድሮ ነገር ሁሉ ቶሎ ያልቃል። ዘጠኝ ለሁለት ስትመራኝ አንዲት ነጥብ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት፤ ምን እንደምትል ልይ ብዬ ነው።

«አልሰጥም» አለች፣ ኳሷን መታቻትም። ከእጄ በላይ አለፈች።

ጋሽ ደበበ ከበሩ ሆነው «ልጣጩ ደረጃ ላይ ነው የማሂ እናት፣ ስንቴ ልናገር» ብለው ጮሁብኝ። እመቤት ከበረንዳዋ ሆና አየችኝና ፊቷን አጠቆረች። እኔም ኳሷን ልለቅም አጎነበስኩ። ተሸነፍኩ፤ ማንም አልተሸነፈልኝም። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።